የኅዳር ዐሥራ ሁለት ድምፅ

ኅዳር 12 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ዓርብ፣ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ የኢንስፔክተር እቴነሽ ይሻው ስልክ ጠራ። ከጉና ተራራ የወረደው ብርድ ገና ከደብረ ታቦር ጣሪያዎች ላይ አልተነሣም ነበር፤ የኅዳር ሚካኤል ንግሥ በመሆኑ መንገዱ ነጭ በለበሱ ምእመናን ተሞልቷል። የደወለው ተረኛው ፖሊስ ነበር። የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያው አዘጋጅ አቶ ሙላቴ በጣቢያው ግቢ ውስጥ ሞተው መገኘታቸውን ነገራት።

«ስም ተሳስተህ እንዳይሆን» አለችው። «ከአንድ ሰዓት በፊት በሬዲዮ ሲናገሩ ሰምቻቸዋለሁ።»

«እኔም ሰምቻለሁ፣ ኢንስፔክተር። ሬሳው ግን ቀዝቅዟል።»

ጋሽ ሙላቴን የማያውቅ የከተማው ሰው አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ በየጧቱ በአንድ ሰዓት «እንደ ዛሬው ቀን» የተባለ ዝግጅት ያቀርቡ ነበር። በዕለቱ በዓለም ላይ የሆነውን፣ በዕለቱ የተወለደውን፣ በዕለቱ የወጣውን ዘፈንና የዘፋኙን ዕጣ ሳይቀር እየተረኩ፣ የእብናት ገበሬ ከይፋግ ነጋዴ ጋር በገበያ መካከል ስለ ለንደን ሸክላ እንዲከራከር አድርገዋል። ከተማው «ቀን ቆጣሪው» ይላቸዋል። እቴነሽን ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ካርታ ማንበብ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ያን ዕለት ጧት ጫማዋን እያሰረች ድምፃቸውን ስትሰማ፣ በዝግጅቱ መጨረሻ በየዓመቱ በኅዳር ሚካኤል ቀን የሚሏትን አንዲት ዐረፍተ ነገር እንደ ልማዳቸው ብለዋት ነበር፦ «ዛሬ ለተወለደች አንዲት ልጅ፣ እንኳን ለዚህ ቀን አደረሰሽ።» ልጅቱ ማን እንደሆነች ማንም አያውቅም። ቀልደኛው ሁሉ «ቀን ቆጣሪው የደበቃት ውሽማ አለችው» ይል ነበር።

ጣቢያው አራት ክፍል ያለው አሮጌ የድንጋይ ቤት ነው። ከኋላው፣ በስድስት ደረጃ የሚወረድበት፣ የቆዩ ዝግጅቶች የሚቀመጡበት የማኅደር ክፍል አለ። ጋሽ ሙላቴ ከደረጃው ግርጌ በጀርባቸው ተንጋለዋል። ማጅራታቸው ከመጨረሻው ድንጋይ ጠርዝ ጋር ተጋጭቷል። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ሲመረምር ቆየና፣ ክፍሉ እንደ ወንዝ ዳር ስለሚቀዘቅዝ ትናንት ከዐሥራ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ሞተዋል ከማለት በቀር ደቂቃ መቁረጥ እንደማይችል ነገራት።

«አዳልጧቸው ይሆን?» አለ ተረኛው ፖሊስ።

እቴነሽ ከሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። የሟቹ ዓይኖች ተከድነዋል። ሁለት እጆቻቸው ደረታቸው ላይ ተጣምረዋል።

«የወደቀ ሰው ዓይኑን ራሱ አይከድንም» አለች። «እጁንም ራሱ አይገንዝም። ሲሞቱ አጠገባቸው ሰው ነበር። ያም ሰው ይወዳቸው ነበር።»

ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አወጣች። የመጨረሻው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ኅዳር 12። ኬኔዲ የተገደለው ኅዳር 12 ቀን 1956፣ ዓርብ። ዘንድሮ ቀኑም፣ ዕለቱም፣ የፈረንጁም ቀን ሦስቱም ገጠሙ። በዚያው ዕለት የቢትልስ ሁለተኛ አልበም። የደጎል ልደት። በመጨረሻ ስሟ።» ከዚህች ከመጨረሻዋ ቃል ሥር ሁለት ጊዜ ተሰምሯል። እቴነሽ ገጹን ደጋግማ አነበበችው፤ ጧት በሬዲዮ ከሰማችው ጋር አልመሳሰል አላት። ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ሬሳውን ያገኙትን ዘበኛ ጋሽ ሞላን ነበር። አሮጌው ወታደር በበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ አሁን የተዘጋችውን ትንሽ ሬዲዮአቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«አንቺ የየኔታ ይሻው ልጅ አይደለሽ?»

«ነኝ፣ ጋሽ ሞላ። ትናንት ከዐሥራ አንድ ሰዓት ወዲህ ማን ገባ፣ ማን ወጣ?»

«ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ከዚህች አግዳሚ አልተነቃነቅሁም። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊውም አብሮኝ ነበር፤ ጠይቂው። በዐሥራ አንድ ሰዓት ሙላቴ ሲገባ ሥራ አስኪያጁ ሲሳይ መኪናውን ይዞ ሲወጣ በሩ ላይ ተላለፉ። ኋላ የማኅደሩ ኃላፊ መሪጌታ ለሚካኤል ዋዜማ ወጡ። ማስታወቂያ አንባቢዋ ሩት በአንድ ሰዓት ወጣች። ከዚህ ሌላ ወፍ አልዞረም።»

«መሪጌታ የወጡት ስንት ሰዓት ነው?»

«ሰዓት የለኝም፤ ሰዓቴ ይቺ ናት» አሉ ሬዲዮዋን እያሳዩ። «ሩት የጠፋውን የእብናቱን በቅሎ ስታነብ ነው። ግንባሩ ቦቃ፣ የግራ ጆሮው የተሰነጠቀ ስትል፣ መሪጌታ በበሩ አለፉ። "በቅሎውን አንቱ ሰርቀው ነው የሚሮጡት?" ብላቸው አልሳቁልኝም።»

እቴነሽ ጻፈች። የጠፋ ከብትና የለቅሶ ማስታወቂያ በየዕለቱ ከዐሥራ አንድ እስከ ዐሥራ አንድ ተኩል በቀጥታ እንደሚነበብ ታውቃለች፤ የበቅሎው ማስታወቂያ የተነበበው በዐሥራ አንድ ከሃያ መሆኑን ከንባቡ ዝርዝር ላይ አረጋገጠች።

«ጋሽ ሙላቴ ሲገቡ ምን ይመስሉ ነበር?»

ሽማግሌው ሬዲዮዋን አግዳሚው ላይ አስቀመጡ። «እኔ የተወለድኩበትን ቀን አላውቀውም» አሉ። «ሙላቴ ይህን ስለሚያውቅ ሲገባ ሁልጊዜ ልደት ይሰጠኝ ነበር። አንድ ቀን ከንጉሥ ጋር፣ አንድ ቀን ከአዝማሪ ጋር። በዓመት ሦስት መቶ ጊዜ እንኳን አደረሰህ ተብያለሁ። ትናንት ግን ምንም ሳይለኝ አለፈ።»

ሥራ አስኪያጁ ሲሳይ ላብ በላብ ሆኖ ነበር የተቀበላት። «እንደ ዛሬው ቀን»ን አሳጥሮ በቦታው የእግር ኳስ ወሬ ለማስገባት አስቦ ከጋሽ ሙላቴ ጋር ተጋጭቶ እንደነበር ሳይጠየቅ ተናገረ። ከዐሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ግን በመኪና ወደ ይፋግ፣ አማቱ ቤት ማኅበር ሄዶ እዚያው ማደሩን ዐሥር ሰው ሊመሰክርለት እንደሚችል ነገራት፤ ስልክ ተደውሎ ተጣራ፤ እውነት ነበር። የሟቹንም ልማድ ያስረዳት እሱ ነው። ጋሽ ሙላቴ በዐሥራ አንድ ሰዓት መጥተው በቅድሚያ ወደ ማኅደሩ ይወርዳሉ፤ ለሙዚቃ የሚሆናቸውን መርጠው በዐሥራ አንድ ተኩል ቀረጻ ክፍል ይገባሉ፤ ብቻቸውን በር ዘግተው የነገውን ዝግጅት ይቀዳሉ፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ይፈጅባቸዋል። ከዚያ ሲዲውን ኮሪደሩ ላይ ካለችው «የነገ» ከምትባለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ ጥለው፣ ቤታቸው ከኋላ ስለሆነ ከውስጥ ብቻ በሚከፈተው የጓሮ በር ይወጣሉ። ዘበኛው ሲወጡ ስለማያያቸው ማንም አይጠብቃቸውም።

«ከማን ጋር ተጣልተው ነበር?» አለችው።

ሲሳይ ወለሉን እያየ፣ ሩት ትናንት ረፋድ ላይ እንደጮኸችባቸው ነገራት። ሩት የሃያ አራት ዓመት የቴክኒክ ሠራተኛ ናት፤ የመሪጌታ ሀብተማርያም አንዲት ልጅ። ባሕር ዳር ሥራ አግኝታ መልቀቂያ ስትጠይቅ፣ ጋሽ ሙላቴ ደብዳቤው እንዲዘገይ ለምነውት ነበር።

«ለስንት ጊዜ?»

«እሱ ነው የገረመኝ። እስከ ዓርብ ብቻ አሉኝ። ከዓርብ በኋላ ራሷ ትወስን አሉ።»

መሪጌታ ሀብተማርያም ከቤተ ክርስቲያን ተጠርተው መጡ። የጣቢያው የማኅደር ኃላፊ ናቸው፤ ከሟቹ ጋር አርባ ዓመት ተወዳጅተዋል። ነጭ ጥምጥማቸው ሥር ፊታቸው አመድ መስሏል። ሚስታቸው እመቤቴ በነሐሴ ስለሞተች ሐዘናቸው ገና እንዳልወጣላቸው እቴነሽ ሰምታለች፤ ስለዚህ ቀስ ብላ ጠየቀቻቸው።

«መጨረሻ ያዩአቸው መቼ ነው፣ መሪጌታ?»

«ለዋዜማው ስወጣ። ወደ ቀረጻው ክፍል እያቀና ነበር። ሚካኤል ይጠብቅህ ብዬው ወጣሁ። ከዚያ እስከ ሌሊቱ ማኅሌት ከካህናቱ መካከል አልተለየሁም።»

«ማኅደሩ ውስጥ አልተገናኛችሁም?»

«አልተገናኘንም። ጧት ድምፁን ሰማችሁ አይደል? ያን የቀዳው እኔ ከወጣሁ በኋላ ነው።»

«ማኅደሩን የሚያውቀው ማን ነው?»

«ሥራዬ እሱ ነው። ከመስከረም አንድ እስከ ጳጉሜን በኛው ቀን የተደረደረ ነው፤ ሕፃን ልጅ አይስተውም። ኅዳር ሚካኤል ኅዳር ዐሥራ ሁለት ነው፤ ወዴትም አይሄድም። ሲዲውም እንደዚያው።»

ሩት በመጨረሻ መጣች። ዓይኗ አብጧል። ትናንት ከማስታወቂያው ንባብ በኋላ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ማዳመጫ በጆሮዋ አድርጋ ሙዚቃ ስትለቅ እንደቆየች፣ ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ሲዲውን በሳጥኑ ውስጥ ስታገኝ ጋሽ ሙላቴ በጓሮ የሄዱ መስሏት ዘግታ እንደወጣች ተናገረች። ጠባቸውንም አልካደችም።

«"እርስዎ ለእኔ ምኔ ነዎት?" አልኋቸው» አለች። «ከአፌ የወጣው የመጨረሻው ቃል ይህ ነው።»

«ምን መለሱልሽ?»

«ነገ ጧት ደኅና አድርገሽ አዳምጪኝ አሉኝ።»

«አዳመጥሽ?»

«እኔ ራሴ ነኝ ሲዲውን ያጫወትሁት። ግን ምንም አዲስ ነገር አልነበረውም። ስለ ፊኛ ነው ያወሩት። ስለ ኬኔዲ ነበር የምጠብቀው፤ ከመስከረም ጀምረው ስለዚህ ቀን ሲነግሩኝ ነበር። እሳቸው ቀን ተሳስተው አያውቁም።»

እቴነሽ ብዕሯን አስቀመጠች።

ዋና አዛዡ ግን ከዚህ በላይ ለመጠበቅ ትዕግሥት አልነበራቸውም። ሒሳቡ ለእሳቸው ቀላል ነበር። ሟቹ ዝግጅቱን ቀድተዋል፤ ስለዚህ እስከ ዐሥራ ሁለት ተኩል በሕይወት ነበሩ። በዚያ ሰዓት ሲሳይ ይፋግ፣ መሪጌታ ማኅሌት፣ ዘበኛው ከልብስ ሰፊው ጋር። በቤቱ ውስጥ የቀረችው ሩት ብቻ ናት፤ ተጣልታለችም። ዓይናቸውን የከደነችው ደግሞ የሴት አንጀቷ አልችል ብሎ ነው። ልጅቱ እንድትያዝና በዘጠኝ ሰዓት ፍርድ ቤት እንድትቀርብ አዘዙ።

«በሰው መግደል የተከሰሰ ሰው በዋስ አይወጣም» አለቻቸው እቴነሽ። «ከተሳሳትን ይህች ልጅ ወጣትነቷን ወህኒ ልትጨርስ ነው።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሌላ ሰው ካመጣሽልኝ እሰማሻለሁ።»

ሩትን በግቢው መካከል ሲያሳልፏት መሪጌታ ከግድግዳው ተጠግተው ቆመው ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተራመዱና ቆሙ። ልጅቱ ናት ያጽናናቻቸው።

«አባባ፣ አይጨነቁ። አላደረግሁትም፤ ይጣራል። ምሳዎትን ይብሉ።»

እሳቸው አንገታቸውን ደፉ። እቴነሽ ይህን አየች፤ ለጊዜው ለሐዘን ሰጠችው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሰዓታት ብቻዋን ሠራች። ማኅደሩ ወርዳ ከረጅሙ መደርደሪያ የኅዳርን ረድፍ ፈተሸች። ሲዲዎቹ ላይ የተጻፈው ቀን ብቻ ነው፤ ዓመቱ ያለው በሽፋናቸው ላይ ነው። «ኅዳር 12፣ 2011» የሚለውን ሽፋን ስትከፍት ባዶ ሆኖ አገኘችው። በጋሽ ሙላቴ ጠረጴዛ በላይ ግድግዳው ላይ በእጃቸው የሠሩት ትልቅ ሠንጠረዥ ተለጥፏል፤ ሐበሻውን ቀን ከፈረንጁ ጋር ያገናኛል፤ ለዘንድሮው ዓመት በቀይ ቀለም የተጻፈ የተለየ ዓምድ አለው። እቴነሽ ጣቷን በቀዩ ዓምድ ላይ አስኬደች፤ የካቲት መጨረሻ ገደማ ሲቆም አየች። ከዚያ ወደ ቢሮ ሄዳ የሩትን የቅጥር ፋይል አስወጣች። ገጾቹን ስታገላብጥ ከአንድ ቀን ላይ ዓይኗ ተተከለ፤ አባቷ እንዳስተማሯት በጣቶቿ አንጓ ላይ ቆጠረች፤ ድጋሚ ቆጠረች፤ ፋይሉን ዘግታ ይዛው ተነሣች።

በስምንት ሰዓት ሁሉንም በቀረጻው ክፍል ሰበሰበች። ዋና አዛዡ ከበሩ አጠገብ ቆሙ። ሲሳይ፣ ጋሽ ሞላና መሪጌታ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ሩት ከሴት ፖሊስ ጋር ከመስኮቱ ሥር ተቀመጠች።

«በቅድሚያ ይህን ስሙ» አለችና ሲዲውን አጫወተች።

የሟቹ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። እንደ ዛሬው ቀን በፓሪስ ሰማይ ላይ ሁለት ሰዎች በፊኛ እንደበረሩ፣ እንደ ዛሬው ቀን አንድ አሜሪካዊ የሰውን ድምፅ ቀድቶ የሚያስቀር መሣሪያ መሥራቱን ለዓለም እንዳስታወቀ ተረኩ። «እነሆ ከዚያ ወዲህ» አሉ ጋሽ ሙላቴ፣ «ሰው ሞቶም ይናገራል።» ጋሽ ሞላ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። እቴነሽ አጠፋችው።

«ሁለቱም እውነት ናቸው» አለች። «ግን ሁለቱም የሆኑት በፈረንጆች ኖቬምበር 21 ነው። ጌታዬ፣ የዛሬውን ቀን ከስልክዎ ላይ ያንብቡልን።»

ዋና አዛዡ ስልካቸውን አወጡ። «ኖቬምበር 22» አሉ።

«አምና ኅዳር ሚካኤል ኖቬምበር 21 ነበር። ዘንድሮ ግን ባለፈው ዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለሆነች መስከረም አንድ ቀን ዘግይቶ ገባ። ስለዚህ እስከ የካቲት መጨረሻ ገደማ የኛ ቀን ሁሉ ከፈረንጁ ጋር የሚገጥመው አንድ ቀን ተገፍቶ ነው። ጋሽ ሙላቴ ይህን በቀይ ቀለም ጽፈው ከጠረጴዛቸው በላይ ሰቅለውታል። ለዛሬ ያዘጋጁት በኪሳቸው ነበር፤ ኬኔዲ፣ ቢትልስ፣ ደጎል፤ ሁሉም የኖቬምበር 22። ሊናገሩት የነበረው ያ ነው። ጧት የሰማነው ግን የአምናውን ነው። የአምናው ሽፋን ማኅደር ውስጥ ባዶውን ቀርቷል።»

«ታዲያ የዘንድሮውን ማን ወሰደው?» አለ ሲሳይ።

«የዘንድሮው አልተቀዳም። ጋሽ ሙላቴ ትናንት ወደዚህ ክፍል አልደረሱም። እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ ማኅደር ወረዱ፤ ከዚያ አልወጡም። የሞቱት ከዐሥራ አንድ ተኩል በፊት ነው።» ወደ አዛዡ ዞረች። «ይህ ከሆነ ሒሳቡ ይገለበጣል። ከዐሥራ አንድ እስከ ዐሥራ አንድ ተኩል ሩት ማስታወቂያ በቀጥታ ታነብ ነበር፤ የሰማት ከተማው በሙሉ ነው። አቶ ሲሳይ በሩን ወጥቷል። ጋሽ ሞላ ከልብስ ሰፊው ጋር ናቸው።»

ከዚያ በኋላ የማንንም ስም መጥራት አላስፈለጋትም። ሁሉም ወደ አግዳሚው ጫፍ አዩ።

«ያን ሲዲ የመረጠው ሰው ይህን መገፋት አያውቅም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሩት ታውቃለች፤ ከመስከረም ጀምሮ ነግረዋታል። አንቱ ደግሞ፣ መሪጌታ፣ ጳጉሜን ስድስት መሆኗን ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። የፈረንጁ ቀን ከኛው ሥር እንደሚንሸራተት ግን ልብ አላሉትም። ለአንቱ ቀን ማለት የቅዱሳን ቀን ነው፤ እሱ ደግሞ አይንቀሳቀስም። ኅዳር ዐሥራ ሁለት የሚለውን አይተው አነሡ። ስለ ማኅደሩ ስጠይቅዎት አልተገናኘንም አሉኝ፤ ወደ ቀረጻ ክፍል ሲያቀና አየሁት አሉኝ። ቀረጻ ክፍል ያልደረሰ ሰው እንዴት ታየ?»

መሪጌታ ወደ ሩት ዞሩ።

«ለምን?» አለች ሩት። የጠየቀችው እቴነሽን ነበር። «አባባ በምን ምክንያት? ጋሽ ሙላቴ ወንድማቸው ማለት እኮ ናቸው።»

እቴነሽ ይህን ክፍል ብትዘለው በወደደች ነበር። ግን እውነቱ የልጅቱ ነው፤ ከእሷ በቀር ባለቤት የለውም።

«በፋይልሽ ላይ የልደት ቀንሽ የካቲት አንድ ቀን 1988 ይላል። ከሥሩ የተያያዘው የክርስትና ካርድሽም የካቲት አንድ ይላል። በተወለደችበት ቀን የምትጠመቅ ሴት ልጅ የለችም፤ ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው። የጻፉልሽ የተጠመቅሽበትን ነው። ከየካቲት አንድ ሰማንያ ቀን ወደ ኋላ ቁጠሪ። ኅዳር ዐሥራ ሁለት ላይ ታርፊያለሽ።»

ሩት አልቆጠረችም። ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

«በየዓመቱ እንኳን አደረሰሽ የሚሏት ልጅ አንቺ ነሽ» አለች እቴነሽ። «ዘንድሮ ስሟን ሊጠሩ ነበር። እስከ ዓርብ እንድትቆዪ የለመኑት ለዚህ ነው።»

መሪጌታ ጥምጥማቸውን ፈቱና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። የሚናገሩት ወለሉን እያዩ ነበር። ሙላቴ ጉና ሥር ሲያስተምር ያገባት ልጅ በወሊድ እንደሞተችበት፣ ጨቅላዋን ይዞ በበቅሎ ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ ደጃቸው እንደደረሰ፣ እመቤቴ መካን ስለነበረች ሕፃኗን ከእጁ እንደተቀበለችው ተናገሩ። እሷ በሕይወት እስካለች እውነቱ እንዳይወጣ ሦስቱም ተማማሉ። ሙላቴም ቃሉን ሃያ አራት ዓመት ጠበቀ፤ በየዓመቱ ከዚያች አንዲት ዐረፍተ ነገር በቀር አልተናገረም። እመቤቴ በነሐሴ ሞተች። አርባዋም ሰማንያዋም እስኪወጣ ታገሠ።

«ትናንት ማኅደር መጥቶ፣ ነገ ስሟን እጠራለሁ አለኝ። ሚስቴን ከቀበርኩ መቼ ዋልኩ አደርኩ፤ ልጄን ደግሞ በሬዲዮ ልትወስድብኝ ነው አልኩት። ጊዜ ስጠኝ፣ መጀመሪያ እኔ ልንገራት አልኩት። "ሃያ አራት ዓመት ጊዜ ሰጥቼሃለሁ" አለኝ። እውነቱን ነው። ደረጃው ላይ እጁን ያዝሁት፤ ነጠቀኝ። ገፋሁት። ወርጄ ስደርስ ትንፋሹ የለም። ዓይኑን ከደንሁለት። ሙላቴን ዓይኑ ተገልጦ ጥዬው መሄድ አልቻልኩም።»

«ሲዲውንስ?»

«እኔ ከወጣሁ በኋላ የሞተ እንዲመስል ነዋ። በማኅሌቱ ሰው ሁሉ ያየኛል ብዬ። በቤቱ ውስጥ የምትቀረው እሷ መሆኗን… በሚካኤል ስም፣ አላሰብሁትም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ የኔ እንዲያ ነው።»

ዋና አዛዡ ለሴቷ ፖሊስ ራሳቸውን ነቀነቁ። የሩት እጅ ተፈታ። ልጅቱ የተፈታውን እጇን አላየችውም።

«ጧት ሲወስዱኝ» አለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስል ነበር፤ «እዚያ ጋ ቆመው ነበር። አይተውኛል።»

«አራት ጊዜ ከፖሊስ ጣቢያው ደጃፍ ደርሼ ተመለስኩ፣ ልጄ። ከተናገርሁ አጣሻለሁ ብዬ… ብናገርም ባልናገርም ማጣቴ ነው።»

«ምሳዎትን ይብሉ ብዬዎታለሁ» አለች ሩት። ከዚያ በኋላ ለእሳቸው የተናገረችው ቃል የለም።

ጋሽ ሞላ ተነሥተው ነጠላቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት። ሲሳይ ምን ማድረግ እንዳለበት ስላላወቀ ወንበር ሲያስተካክል ቆየ። እቴነሽ ደብተሩን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ማስረጃ በመሆኑ ልትሰጣት አትችልም፤ የመጨረሻውን ገጽ ገልጣ በልጅቱ ፊት ያዘችላት። ሩት አነበበችው። ሁለት ጊዜ የተሰመረባትን ቃል በጣቷ ጫፍ ነካቻት። ለማን ማልቀስ እንዳለባት ያወቀች አይመስልም ነበር፤ ገና ላልተቀበረው አባት፣ ወይስ በሕይወት ቆሞ ለሚወሰደው።

መሪጌታን በሰንሰለት አሰሯቸው። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙና ወደ ኋላ ዞሩ። ፖሊሱ ሊያስቸኩላቸው ሲል እቴነሽ በእጅዋ አስቆመችው።

«ሩት» አሉ መሪጌታ። «ዛሬ ቤቱ ውስጥ ብቻሽን አትደሪ። ጎረቤታችን እትዬ የሺ ዘንድ ሂጂ፤ አልጋ አታጣልሽም። ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመስሽም፤ ባዶ ሆድሽን አትተኚ። ከዚህ ሌላ ምንም አልለምንሽም። እሺ በይኝና ልሂድ።»

ሩት ፊቷን ወደ መስኮቱ መልሳ ቆመች። በውጭ ከንግሡ የሚመለሱት ሰዎች እየተጫወቱ ያልፋሉ። ፖሊሱ በሩን ይዞ ጠበቀ።

«እሺ በይኝ» አሏት ደግመው።